ጎርፍንና ሰደድ እሳትን ከሳተላይት ለማየት

የሆነ ቦታ ጎርፍ ወይም ሰደድ እሳት ተነሳ ሲባል እኔ ቀድሜ የምፈልገው የድሮውን የሳተላይት ምስል ነው። ቦታው በፊት ምን እንደሚመስል ካላያችሁ ምን እንደተለወጠ በምን ታውቃላችሁ?

ኢንተርኔት ካላችሁ ይበቃል፤ ክፍያ የለውም። ኮፐርኒከስ ብራውዘር የሚባለውን የአውሮፓ ኅብረት ድረ ገጽ ክፈቱ። ቦታውን ፈልጉና ሴንቲኔል-2 የሚባለውን ሳተላይት ምረጡ። አንዱ ፒክስል (ምስሉ የተሠራበት ትንሽ ነጥብ) መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ስለዚህ ማሳ ከማሳ ይለያል፤ ሰው ግን አይታይም። ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ደመና የሌለበት ምስል ፈልጉና አስቀምጡ። አደራ፣ ወሩ አንድ ይሁን። የበጋውን ከክረምቱ ጋር ካስተያያችሁ የደረቀ ሣር ሁሉ ጥፋት ይመስላችኋል።

ጎርፍ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ዝናብ ባለበት ደመና አለ፤ ሴንቲኔል-2 ደግሞ በደመና ውስጥ አያይም። ያኔ ወደ ሴንቲኔል-1 እለፉ። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ራዳር ስለሆነ የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ይቀበላል። ደመናም ሌሊትም አያግደውም። የረጋ ውኃ ሞገዱን እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያነጥረው ምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የፓኪስታኗ ሲንድ ግዛት በጎርፍ ስትጥለቀለቅ የውኃው ስፋት በራዳር በደንብ ታይቷል።

ግን ጥቁር ሁሉ ጎርፍ አይደለም። ደረቅ አሸዋና የአውሮፕላን ማኮብኮቢያም ይጠቁራሉ። ነፋስ ያናወጠው ውኃ ደግሞ ነጣ ብሎ ሊያመልጣችሁ ይችላል። የድሮው ምስል የሚያድናችሁ እዚህ ላይ ነው፤ ያኔም ጥቁር ከነበረ ጎርፍ አይደለም ማለት ነው።

ለእሳት ፈርምስ የሚባለውን የናሳ ድረ ገጽ ተጠቀሙ። ሳተላይት ካለፈ በኋላ በ3 ሰዓት ገደማ ውስጥ ትኩስ ቦታዎችን በነጥብ ያሳያል። ሳተላይት ላይ የተገጠመው ቪርስ የሚባለው መሣሪያ ፒክስሉ 375 ሜትር ነው። ነጥቡ እዚያ ክልል ውስጥ የሆነ ቦታ ሙቀት አለ ይላችኋል እንጂ የእሳቱን ስፋት አይነግራችሁም። እሳተ ገሞራና የነዳጅ ማውጫ ነበልባልም በነጥብ ይወጣሉ። ስለዚህ ወደ ሴንቲኔል-2 ተመለሱና የአጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየው ብርሃን) ዕይታውን ክፈቱ። ጭሱን በአብዛኛው አልፎ ያሳያችኋል። የሚነደው ብርቱካናማ ሆኖ ያበራል፤ የተቃጠለው ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ያልተነካው አረንጓዴ።

እንደ መካከለኛው እስያው አራል ባሕር መድረቅ ያለ የረጅም ጊዜ ለውጥ ከሆነ ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች አሉላችሁ። ምስሎቹ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ተቀምጠዋል።

ምስሉን ለሰው ስትልኩ የተነሳበትን ቀንና የሳተላይቱን ስም አብራችሁ ጻፉ። በአደጋ ሰዓት የድሮ ምስል እንደ አዲስ ሲዞር ሰው ይደናገጣል። እናንተ አደጋው አጠገብ ካላችሁ ግን ምስል አትጠብቁ። ሳተላይቱ እስኪመለስ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ ውጡ ከተባላችሁ ወዲያው ውጡ።