ከድሬ ሐረር በእግር፦ ለበጎ ሥራ ስትነሱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከድሬዳዋ ሐረር ድረስ ሮጦ ወይም በእግር ሄዶ ለአረጋውያን፣ ለወላጅ አልባ ልጆች ወይም መታከሚያ ላጣ ሰው ገንዘብ ማሰባሰብ ደስ የሚል ሐሳብ ነው። የድሬም የሐረርም ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር እጁ አይታጠፍም። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከማራቶን በ13 ኪሎ ሜትር ያህል ይበልጣል፤ በዚያ ላይ ዳገት ነው። ብዙዎች የሚጨነቁት ለእግራቸው ነው። እኔ ግን ከእግሩ ይልቅ ለገንዘቡ እሰጋለሁ። የተጎዳ ጉልበት በጊዜው ይሽራል። የሰጪው እምነት ከተጎዳ ግን ዕዳው ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ይተርፋል።

ተቀባዩን ሳያማክሩ ማወጅ

መጀመሪያ ፖስተር አሠርቶ፣ ቲሸርት አሳትሞ፣ ከዚያ "ለማን እንስጥ?" ማለት የተለመደ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ቀድማችሁ ድርጅቱ ድረስ ሂዱ። ምን እንደጎደላቸው ጠይቁ። እናንተ ብርድ ልብስ ስታስቡ እነሱ የቸገራቸው የአዋቂ ዳይፐር ወይም የውሃ ታንከር ሊሆን ይችላል። ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ወይም ከሚመለከተው የክልል ወይም የከተማ አስተዳደር አካል የተመዘገቡበትን ወረቀት እዩ። በስማቸው እንድታሰባስቡ የተስማሙበት ደብዳቤም ያዙ። አንድ ነጋዴ "ማን ላካችሁ?" ሲላችሁ ከኪሳችሁ የምታወጡት እሱን ነው።

በግል አካውንት መሰብሰብ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሐሳቡ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ቀላል ስለሆነ ነው። አንዱ ጓደኛ "በኔ ቴሌብር ይግባ" ይላል፣ ገንዘቡ ከአስቤዛው ጋር ይቀላቀላል፣ ወሩ መጨረሻ ላይ የቱ የማን እንደሆነ ራሱም አያውቅም። አንድ ሳንቲም ባይነካ እንኳ ማስረዳት አይችልም።

የሚሻለው ብሩ በቀጥታ የድርጅቱ አካውንት ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ነው። ያ ካልተቻለ ለዚሁ ብቻ የሚውል፣ ከአንድ በላይ ፈራሚ ያለው አካውንት ክፈቱ። ፈራሚ ለመምረጥ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ድሬ ላይ እድር አለ፣ ሐረር ላይ እንደ እድር ያለው አፎቻ አለ። የሐዘንተኛን ገንዘብ ለዓመታት ሲይዙ የኖሩ፣ ደብተራቸው የጠራ ሰዎች እዚያ አሉ። አንዱን አባት ወይም አንዷን እናት አክብራችሁ ለምኑ፤ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። የእሳቸው ፊርማ ካለ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ስትዞሩ ሰዉ ከእናንተ ይልቅ እሳቸውን አምኖ ይሰጣል።

ከዚያ አንድ ደብተር ያዙ። አምስት ዓምድ ብቻ አስምሩበት፦ ስም፣ ቃል የተገባ፣ የገባ፣ ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር። "ቃል የተገባ" እና "የገባ" የሚሉትን በፍጹም አታደባልቁ። "ሐረር ከደረስክ ለአንድ ኪሎ ሜትር ሃያ ብር እሰጣለሁ" ያለ ሰው ከልቡ ነው፤ በሳምንቱ ግን ይረሳል። ስለዚህ ከመነሻው ቀን በፊት የቻላችሁትን ያህል ሰብስቡ። መንገድ ላይ ብትቆሙ ገንዘቡ ምን እንደሚሆንም አስቀድማችሁ ተናገሩ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ የእናንተ ጉልበት መሐል መንገድ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ ስላለቀ የአረጋውያኑ ምሳ መቅረት የለበትም። "ብደርስም ባልደርስም ለእነሱ ነው" ብላችሁ ጻፉት።

የጉዞው ወጪም አለ። መኪና፣ ውሃ፣ ቲሸርት ገንዘብ ይፈልጋል። ከመዋጮው ላይ ከመቀነስ ይልቅ ለወጪው ለብቻው ስፖንሰር ፈልጉ፤ ካልተገኘም ስንት እንደሚቀነስ በግልጽ ተናገሩ።

አንድ ፈቃድ ይበቃል ብሎ ማሰብ

መንገዱ ከድሬዳዋ አስተዳደር ይነሳል፣ በኦሮሚያ ምሥራቅ ሐረርጌ ያልፋል፣ ሐረሪ ክልል ላይ ያልቃል። የድሬ ትራፊክ ፖሊስ ስለፈቀደ ሐሮማያ ላይ የቆመው ፖሊስ ያውቃል ማለት አይደለም። ሦስቱንም በደብዳቤ አሳውቁ። መንገዱ ሥራ የሚበዛበት ነው። ኩርባው ላይ ከባድ መኪና ይዞራል፣ የአወዳይ ጫት የጫኑት ደግሞ ለማንም አይቆሙም። ከፊትም ከኋላም አጃቢ መኪና ይኑር፣ አንጸባራቂ ልብስ ልበሱ፣ በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ እየሰሙ መሄድ ይቅር።

ቁልቁለቱ ይቀላል ብሎ ከሐረር መነሳት

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። መሐል ላይ ያለው የደንገጎና የሐሮማያ ከፍታ ከሁለቱም ይበልጣል። ታዲያ ሰው ቁጥሩን አይቶ "ከላይ ወደ ታች እንውረድ" ይላል። ሰዓቱን ግን አያሰላም። ጠዋት በሐረር ብርድ ሩጫ የጀመረ ሰው ድሬ የሚገባው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው፤ የደከመ ሰውነት የሚገናኘው ከድሬ ሙቀት ጋር ነው። የደንገጎ ጥምዝምዝ ቁልቁለትም ጭንን ይገዘግዘዋል፤ በየእርምጃው ሰውነትን የሚያቆመው የጭን ጡንቻ ነው። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅታል።

ከድሬ ገና ሲነጋጋ ብትነሱ ዳገቱን በጠዋቱ ትጨርሳላችሁ። ቀኑ ሲሞቅ እናንተ ከፍታ ላይ ናችሁ፣ አየሩም ቀለል ይላል። በእግር የምትሄዱ ከሆነ ግን ሒሳቡን አትርሱ፤ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ ያለ ምንም እረፍት 11 ሰዓት ይፈጃል። ሲጨልም መንገድ ላይ ላለመገኘት ለሁለት ቀን መክፈል ወይም በቡድን መቀባበል ነውር የለውም።

ልምምዱም ዳገቱ ላይ ይሁን። ድሬ ውስጥ ሳቢያን ሰፈር አስፋልት ላይ መሮጥ ለደንገጎ አያዘጋጅም። ከደጋ የሚመጣ ሯጭ ካላችሁ ደግሞ ሙቀቱን እንዲለምድ ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ሳምንት ይሰጠው።

ውሃ ብቻ መጠጣት

በላብ የሚወጣው ውሃ ብቻ አይደለም፣ ጨውም ነው። ለሰዓታት ውሃ ብቻ መጋት በደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ ሰው ሊጥል ይችላል። ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠውን የስኳርና የጨው ዱቄት) ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ በጥብጡ። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይከመር። ተምር፣ ሙዝ፣ በሶ ያዙ። በቅቤ የሚጠበሰውን ፈጢራ ሐረር ከደረሳችሁ በኋላ ትበሉታላችሁ።

ንግግሩ የተምታታበት፣ የሚንገዳገድ ሰው ካያችሁ "በርታ" አትበሉት። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡት፣ እያቀዘቀዛችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ድሬ ለቀረበ ድል ጮራ፣ ሐረር ለቀረበ ሕይወት ፋና አለ።

ጫት ቅሞ መውጣት

በእኛ አካባቢ ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ምርቃና ጉልበት ይመስላል እንጂ ጉልበት አይደለም። ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የሰውነት ሙቀት ይጨምራል፣ ረሃብን ያጠፋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ድካሙ አለ፤ ምልክቱ ነው የሚደበቀው። በዋዜማውም በዕለቱም ይቅር።

ቀኑን ያለ ምክር መቁረጥ

የግንቦትና የሰኔን ሙቀት፣ የክረምቱን ጎርፍ ሽሹ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ይሻላሉ። ረመዳንንና ሁዳዴንም ተመልከቱ። ረመዳን ሰው የሚሰጥበት ወር ነው፤ መሰብሰብ ይቻላል፣ ቀን መሮጥ ግን ለጾመኛው ከባድ ነው። ሰጪው ዘካ ነው ካለ ደግሞ ለብቻ መዝግቡት፤ ዘካ የታወቁ ተቀባዮች አሉት፣ እንደ ሰደቃ አይደለም።

ተረጂውን ፎቶ አድርጎ መለጠፍ

አልጋ ላይ የተኙ እናት ፊታቸው ቴሌግራም ላይ እንዲዞር አልፈቀዱም። ጫማችሁን አንሱ፣ ዳገቱን አንሱ፣ እሳቸውን ተዉ።

ሐረር ገብቶ መጥፋት

ፈረስ መጋላ ላይ ከተጨበጨበ በኋላ ብዙ ቡድን ይበተናል። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ጠቅላላ የገባውን፣ የወጣውንና ድርጅቱ የሰጠውን ደረሰኝ ፎቶ አንስታችሁ ገንዘብ በለመናችሁበት ግሩፕ ላይ ልቀቁት። ደብተሩን ለፈራሚዎቹ አስረክቡ። ቃል ገብተው ያልከፈሉትን ለየብቻ ደውላችሁ አስታውሷቸው፤ ስማቸውን ግን ግሩፕ ላይ አታውጡ።