ፒሲኦኤስ እና ማዕድ፦ ክብደት ለመቀነስ ሲባል የሚሠሩ ስህተቶች

ፒሲኦኤስ (የወር አበባንና የእንቁላል መውጣትን የሚያዛባ የሆርሞን ችግር) ያለባት ወፍራም ሴት ከሐኪም ክፍል ስትወጣ ብዙ ጊዜ ይዛ የምትሄደው ምክር «ክብደት ቀንሺ» የሚል ብቻ ነው። እንዴት የሚለውን ጎረቤት፣ ዘመድና ቲክቶክ ይሞሉላታል።

የነገሩ ሥር በአብዛኛው ኢንሱሊን፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ነው። ሰውነት ለኢንሱሊን በደንብ አልታዘዝ ሲል ቆሽት አብዝቶ ያመርታል። ትርፉ ኢንሱሊን ኦቫሪዎች (የእንቁላል እጢዎች) ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንዴ ሆርሞን እንዲያበዙ ይገፋፋል፤ ጉበት ደግሞ ይህን ሆርሞን ይዞ የሚያስቀምጠውን ፕሮቲን ይቀንሳል። የወር አበባ መዛባት፣ የአገጭ ፀጉርና ብጉር የሚመጡት ከዚህ ነው። የሆድ ውፍረት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል።

እንጀራን ጨርሶ መተው

በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ ለፒሲኦኤስ ከሌላው የሚበልጥ አንድ የአመጋገብ ዓይነት እንደሌለ ይናገራል። እንጀራ የተወች ሴት ብዙ ጊዜ ቦታውን በነጭ ዳቦ፣ በፓስታና በሩዝ ትሞላዋለች፤ ያ ደግሞ ፋይበሩ የተገፈፈ፣ አብዛኛውም የደም ስኳርን በፍጥነት ከፍ የሚያደርግ ነው። ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ፈሪ ሆና ውድ ዳቦ የምትፈልግም አለች፤ ንጹሕ ጤፍ ግሉተን የለበትም፣ ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት የሴሊያክ ሕመም ከሌለ ደግሞ ግሉተን መተው ለፒሲኦኤስ የሚጨምረው ነገር የለም።

ችግሩ መጠኑ ነው። «የሰሐኑን ግማሽ አትክልት አድርጉ» የሚለው የውጭ ምክር እኛ ቤት አይሠራም፤ የእኛ ሰሐን ራሱ ይበላል። ስለዚህ ከመቀመጥዎ በፊት ግማሽ እንጀራ ቆርጠው በራስዎ ሰሐን ያድርጉ። ጎመን፣ ፎሶሊያ ወይም ሰላጣ የሁለት ጭብጥዎን ያህል ይጨምሩ፤ ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከእንቁላል ወይም ጮማ ከሌለው ሥጋ አንዱን ያስከትሉ። አትክልቱንና ወጡን አስቀድመው፣ እንጀራውን ወደ መጨረሻ ቢበሉ ከምግብ በኋላ የሚወጣው ስኳር ይቀንሳል። የጋራ ትሪ ላይ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ጉርሻ እምቢ ማለት ያስቀይማል፤ አንዷን ተቀብሎ ማመስገን ይበቃል።

የሚጠጣውን አለመቁጠር

ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እራት ትተው ክብደታቸው ያልቀነሰውም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮካ ኮላ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፤ ከሰባት የሻይ ማንኪያ ይበልጣል። ጠዋት ሻይ፣ ረፋድ ማኪያቶ፣ ከሰዓት ቡና፣ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ከሆነ ዘጠኝ ማንኪያ፣ ወደ 36 ግራም ነው። ማልት «ለጤና» ተብሎ ይጠጣል፤ ስኳሩ ግን እንደ ለስላሳ ይቆጠራል። ማርም ከስኳር ነፃ አይደለም።

ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ ጁስ ቤት ሲገቡ፣ አቮካዶው ብቻውን ጥሩ ነው፤ የሚያበላሸው ስኳሩና ላዩ ላይ የሚፈሰው ቪምቶ ነው። የማንጎ ጁስ ደግሞ ሁለትና ሦስት ፍሬ በአንድ ትንፋሽ ማለት ነው፤ አንዱን ፍሬ አኝኮ መብላት ይሻላል። ከትኩስ መጠጥ ስኳር በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ በአንድ ቀን የሚተው ብዙ ጊዜ አይዘልቅም።

ጾም ሁሉ ያቀጥናል ብሎ ማሰብ

ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ክብደት ጨምረው የሚፈስኩ ግን ጥቂት አይደሉም። እስከ 9 ሰዓት ተርቦ ከርሞ በሳንቡሳ፣ በቦምቦሊኖ፣ በፓስታና በድንች ማፍጠር፣ ከዚያም የጾም ኬክ። «የጾም» ማለት ቅቤና እንቁላል የለበትም ማለት እንጂ ስኳርና ዘይት የለበትም ማለት አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ነው፤ በሽሮው ላይ ከጠርሙሱ ሲንቆረቆር ስንት ማንኪያ እንደገባ ይቁጠሩ።

በአንጻሩ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ለዚህ ሕመም የተመቹ ናቸው። በምስር ሾርባ ወይም በሰላጣ ይጀምሩ። በያይነቱ ሲያዝዙ ጭማሪ እንጀራውን ይመልሱ።

ሜትፎርሚን እየወሰዱ ቢ12ን መርሳት

ሜትፎርሚን፣ ለፒሲኦኤስም የሚታዘዘው የስኳር መድኃኒት፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ረጅም ጾምና መድኃኒቱ ሲገጥሙ ጉድለቱ ሊብስ ይችላል፤ ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ ሊታይ ይችላል። የቢ12 ምርመራ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። ክኒኑ ከምግብ ጋር ካልተወሰደ ሆድ ስለሚያውክ፣ የጾም ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ያስተካክሉ። በአብሽ ወይም በሽፈራው ሻይ አይተኩት።

20 ኪሎ ካልቀነስኩ ዋጋ የለውም ማለት

ከክብደት 5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻ በብዙ ሴቶች የወር አበባን ያስተካክላል። 85 ኪሎ ላይ ላለች ሴት ይህ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። በቀን 500 ካሎሪ ያህል መቀነስ ይበቃል። ሚዛን ሳይንቀሳቀስ ወገብ ሊቀንስ ስለሚችል በሜትር ይለኩ። የአገጭ ፀጉር ግን ቢያንስ ስድስት ወር ያስጠብቃል። እርግዝና የማይፈልጉ ከሆነ ደግሞ ይጠንቀቁ፦ እንቁላል መውጣት የሚጀምረው የወር አበባው ከመስተካከሉ አስቀድሞ ነው።

ከምሳ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ መራመድ ስኳርን ይቀንሳል። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ ታክሲ ሰልፍ ከመጠበቅ ይሻላል።

«ስኳሬ ኖርማል ነው»

በባዶ ሆድ የሚለካው ብቻ የደም ስኳር ችግሩን ሊስተው ይችላል። 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተው ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚደረገው ምርመራ የተሻለ ያሳያል።

የወር አበባን በምግብ ብቻ መጠበቅ

ከ90 ቀን በላይ ከቀረ፣ ምግቡ እስኪሠራ ብለው አይቆዩ። የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ሳይወርድ እየወፈረ ይሄዳል፣ ውሎ አድሮም ለካንሰር ያጋልጣል፤ የማህፀን ሐኪም ሊያይዎት ይገባል።