ግድግዳው ሲሰነጠቅ ከቀለም በፊት ውሃውን ፈልጉ

ጅማ ውስጥ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ቤት ሲታመም መጀመሪያ የምጠረጥረው ውሃን ነው። ቀለም ቀቢ ከመጥራታችሁ በፊት ቤቱን አንዴ በውጭ በኩል ዙሩት።

በሩ ክረምት ክረምት አልዘጋ ይላል፣ ከጥጉ ስንጥቅ ወጥቷል

አንዲት ጎረቤቴ በክረምት ጠሩኝ። "ልጄ፣ ይህን በር አናጺው ሁለቴ ላገው፤ አሁንም ይይዛል።"

"እማማ፣ ችግሩ የበሩ አይመስለኝም" አልኳቸው። ከበሩ ጥግ የተነሳ ስንጥቅ በብሎኬቱ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ውጭ ወጣን። የጎራንዳዮው፣ ማለትም የጣሪያው አሸንዳ፣ መውረጃ ቱቦ ተሰብሯል። የጣሪያው ውሃ በሙሉ እዚያው ጥግ ላይ፣ መሠረቱ ሥር ይፈሳል። መሬቱ ደግሞ ጥቁር አፈር ነው።

ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። በጋ ላይ ይሸማቀቅና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቤቱ ላዩ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። አንዱ ጥግ ብቻ ሲርስ ደግሞ ያው ጥግ ለብቻው ይነሳል፤ ግድግዳው የሚቀደደው ያኔ ነው። ቀይ አፈር ላይ ያረፈ ቤት ይህ ጣጣ ብዙም አያገኘውም።

መፍትሄው ከውጭ ይጀምራል። ቱቦውን ጠግኑ፣ ውሃውን ወደ ቦይ ምሩት። በቤቱ ዙሪያ 1 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ማርሻፔዴ አስሠሩ፤ ማለትም ግድግዳውን ተከትሎ የሚዞረውን የኮንክሪት መራመጃ። ተዳፋቱ ወደ ውጭ ይሁን። ወደ ግድግዳው ካዘነበለ ባይሠራ ይሻል ነበር። ከዚያ ስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ መስመር አስምሩና ቀኑን ጻፉበት። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ጠብቁ። መስመሩን ካላለፈ አፉን ከፈት አድርጋችሁ፣ አቧራውን አጥባችሁ፣ 1 ለ 3 በሆነ የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ ሙሉት። ካለፈ፣ ወይም ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሰፋ፣ ወይም ኮለኑ (ቋሚው የኮንክሪት ምሰሶ) ራሱ ከተሰነጠቀ ግን የመሐንዲስ ሥራ ነው። በልስን አትሸፍኑት፤ እባካችሁ።

ሁሉም ስንጥቅ ግን አያስደነግጥም። የሸረሪት ድር የመሰለው ቀጭን ስንጥቅ የልስን ነው። ሲሚንቶ በዝቶበት ወይም ውሃ ሳይጠጣ ቶሎ ደርቆ ነው። በኮለንና በብሎኬት መገናኛ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደውም ሁለቱ እኩል ስለማይሸማቀቁ የሚመጣ ነው። መገናኛው ላይ የሽቦ ወንፊት ቸንክሮ እንደገና መለሰን ይበቃዋል።

ቀለሙ ከታች ይላጣል፣ ነጭ ጨው ይወጣል

እርጥበት ከመሬት እየሳበ ነው። ብዙ ጊዜ ያየሁት ምክንያት አንድ ነው፦ ግቢው በአፈር ሲሞላ ሲሞላ አፈሩ ከግሬድ ቢሙ በላይ ይደርሳል። ግሬድ ቢም ከመሠረቱ ድንጋይ በላይ ኮለኖቹን እርስ በርስ የሚያስረው የታችኛው ኮንክሪት ነው። እሱ ሲቀበር ብሎኬቱ እርጥብ አፈር ይነካል፣ ውሃውንም እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል። አፈሩን ቆፍራችሁ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት። ልስኑን ፍቃችሁ አንድ በጋ ይድረቅ። ዘይት ቀለም መቀባት እርጥበቱን ያፍነዋል እንጂ አያድነውም። አዲስ የምትሠሩ ከሆነ ግሬድ ቢሙ ላይ ከብሎኬቱ በፊት ሬንጅ ይቀባ።

ፎርማው (ኮንክሪት የሚሞላበት ቅርጽ ማውጫ) ሲነሳ ጠጠሩ አግጥጦ ይታያል

ኮንክሪቱ ሲሞላ ቫይብሬተር (እያንቀጠቀጠ የሚጠቀጥቀው መሣሪያ) አልገባበትም፣ ወይም የሲሚንቶው ውሃ በፎርማው ክፍተት ፈሷል። ጉድጓዱን በመዶሻ መቱት። የላላው ጠጠር ረግፎ ፌሮ (ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት) ካልታየ ማጽዳት፣ ማርጠብና በወፍራም ቡኮ ጠቅጥቆ መሙላት ይቻላል። ፌሮው ወይም ስታፋው ከታየ ሥራውን አስቁሙና መሐንዲሱን ጥሩ። ስታፋ ቋሚ ብረቶቹን ዙሪያውን ጠፍሮ የሚይዘው ቀለበት ነው፤ እሱ ዛገ ማለት ኮለኑ ከውስጥ ይበላል። ለሚቀጥለው ሙሌት ደግሞ "እንዲለሰልስ" እየተባለ ውሃ የሚጨመረውን ከልክሉ። ትርፍ ውሃ ጥንካሬውን ይወስዳል። ከተሞላ በኋላ ግን ቢያንስ 7 ቀን አጠጡት። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው።

ሲሚንቶው ጓል ሠርቷል

እዚህ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ከረጢቱን ከወለል ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ ደርድሩ። መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ። ጓሉ በጣት ሲጫኑት ከፈረሰ ለልስን ሊያገለግል ይችላል። መዶሻ ካስፈለገው ኮለንና ሶሌታ (ጠፍጣፋው የኮንክሪት ወለል ወይም ጣሪያ) ውስጥ እንዳይገባ፤ ለግቢ ጉድጓድ መሙያ አድርጉት።