የግልገል ፀጉር ሹራብ እንዴት ይያዛል?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ለሚወጣ ሰው ሹራብ ግዴታ ነው። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ሳልባጅ ተራ ዕድል ከቀናችሁ ከውጭ የመጣ ጥሩ የግልገል ፀጉር ሹራብ ታገኛላችሁ። የሚበላሸው ግን ከመለበሱ ይልቅ በመታጠቡ ነው።

መጀመሪያ ትክክለኛ መሆኑን እዩ። አንገቱ ላይ ያለው ጽሑፍ «ላምብስዉል» ካለ፣ በጉ 7 ወር ገደማ ሆኖት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸለት የተገኘ ፀጉር ነው ማለት ነው። ከዚያ በፊት መቀስ ስላልነካው ጫፉ እንደሾለ ነው፤ ለዚህ ነው ቆዳ የማይኮሰኩሰው። የእኛ ዋሸራ በግ ፀጉሩ አጭር ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። እሱ ለበዓል ይቆየን።

ጽሑፉ ተቆርጦ ከሆነ ከውስጥ በኩል የተንጠለጠለ ክር ፈልጋችሁ ጫፉን ቆርጣችሁ አቃጥሉ (ከገዛችሁ በኋላ እንጂ ሻጩ ፊት አይደለም)። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና በጣት ሲፈተግ ዱቄት ከሆነ የእንስሳ ነው። ቀልጦ ጠጣር እንክብል ከሰራ ሰው ሰራሽ ክር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እያንዳንዱ ፀጉር ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ሽፋን አለ። ሙቅ ውሃና ሳሙና ነክቶት ሲፈተግ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ሹራቡም ይኮማተራል። ባና የሚሰሩ የደጋ ሰዎች የተሸመነውን አርሰው የሚረግጡት ይህንኑ ፈልገው ነው፤ ጨርቁ ጥቅጥቅ ብሎ ንፋስ እንዳያስገባ። ሹራብን ግን ወንዝ ወስዳችሁ ድንጋይ ላይ ካሻችሁት የታናሽ ወንድማችሁ ልክ ሆኖ ይመለሳል።

ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አትጠቡት። ሱፍ ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማ እርጥበት ይዞ እንኳ እርጥብ አይመስልም፤ ላብና የወጥ ቤት ጭስም ሌሊቱን አየር ላይ ቢያድር አብዛኛው ይለቃል። መታጠብ ግድ ሲሆን፣ ገልብጡትና ሳፋ ውስጥ ከ30 ዲግሪ ያልበለጠ ውሃ ቅዱ። እጃችሁን ስታስገቡ ሙቀት ከተሰማችሁ በዝቷል። ኦሞ ይቅርባችሁ፣ በረኪና ደግሞ ፀጉሩን ራሱን ያሟሟዋል። የራስ ፀጉር ሻምፑ ትንሽ ጠብ አድርጉበት፤ ሹራቡም ያው ፀጉር ነው። 5 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፋችሁ በመዳፍ ጫን ለቀቅ አድርጉት። አትሹት። የሚለቀለቅበት ውሃም በዚያው ሙቀት ይሁን፤ ድንገተኛ ለውጥ አይወድም።

ሲጨመቅ መጠምዘዝ የለም። ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ አብራችሁ ጠቅልሉትና ጫን በሉት፤ ፎጣው ውሃውን ይጠጣል። ከዚያ ቅርጹን አስተካክላችሁ ጥላ ቦታ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስጡት። ገመድ ላይ ከተሰቀለ የራሱ ውሃ ጎትቶ እጅጌውን ጉልበት ያደርሰዋል። ክረምት ላይ አልደርቅ ብሎ ቢያስመርራችሁም ከሰል ምድጃ አጠገብ አታድርጉት፤ ፎጣውን በደረቅ መቀየር ይሻላል።

ብብትና ክንድ ላይ የሚወጡትን ድብልብሎች በእጅ አትንቀሉ፣ አብሮ ክር ይመዘዛል። ሹራቡን ወጠር አድርጋችሁ በትንሽ መቀስ ከላይ ከላይ ቁረጡ።

ለወራት ስታስቀምጡት ጠላቱ ብል ነው። ጨርቁን የሚበላው ትሉ ነው፤ ላብና ምግብ የነካውን ቦታ ይመርጣል። ስለዚህ ታጥቦና በደንብ ደርቆ፣ ታጥፎ፣ አየር በማያስገባ ፌስታል ይቀመጥ። አልፎ አልፎ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አራግፉት። ብል የገባበት ከመሰላችሁና ፍሪዘር ካላችሁ፣ በፌስታል አስራችሁ ለሳምንት እዚያው ተዉት።

ትንሽ የተኮማተረ ሹራብ ለብ ባለ ውሃና በፀጉር ኮንዲሽነር ግማሽ ሰዓት ተዘፍዝፎ ቀስ እያለ ቢጎተት መጠነኛ ለውጥ ያመጣል። ክሩ እስከማይለይ ድረስ ከተጣበቀ ግን አትድከሙ፤ ቆርጣችሁ የጫማ ገበር አድርጉት።