አንጀቱ ለወጣበት ስቶማ ባግ ስትለጥፉ የምትሳሳቱት

የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ነኝ። ስቶማ ማለት በቀዶ ጥገና ሆድ ላይ የሚወጣው የአንጀት አፍ ነው፣ ባጉ ደግሞ ከሱ የሚወጣውን ሰገራ የሚቀበል ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ከረጢት ነው። በቀን ስንቴ "ሲስተር ይሄ ባግ አይረባም፣ ያፈሳል" እንደምባል እኔ ነኝ የማውቀው። ባጉማ ደህና ነው፣ ችግሩ ስቶማው እንዲገባበት ማጣበቂያው ላይ የምትቆርጡት ቀዳዳ ነው።

አንጀቱ ተንሸራቶ ወደ ውጪ ለረዘመባችሁ፣ ፕሮላፕስ ለምንለው ማለት ነው፣ እባካችሁ ተኝታችሁ ለክታችሁ አትቁረጡ! ስትተኙ አንጀቱ ገባ ብሎ ያንሳል፣ በዛ ልክ ትቆርጡና ትለጥፋላችሁ፣ ከዛ ተነስታችሁ ሽንት ቤት እንኳን ሳትደርሱ ተመልሶ ይወጣል፣ ያብጣል፣ ጠባቡ ቀዳዳ ወይ አንቆ ይይዘዋል ወይ ደግሞ አንጀቱ ማጣበቂያውን ከቆዳው ገፍቶ ያስለቅቀዋል፣ ሰገራውም በዛው ሾልኮ ልብስ ላይ ነው። ለሌላው ሰው ከስቶማው 2 ወይ 3 ሚሊሜትር ሰፋ ማድረግ ይበቃል። እናንተ ግን ቆማችሁ፣ ትልቅ በሆነበት ሰዓት ለኩ፣ የቀዳዳውንም ጠርዝ ዙሪያውን በአጭር በአጭሩ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አርጉት እንዲለጠጥ። ስትለጥፉ ግን ተኝታችሁ፣ ገባ ሲል። ሳይሸፈን የሚቀረው ቆዳ ላይ ፔስት፣ ማለትም ለስቶማ ተብሎ የተሰራ ክፍተት መሙያ፣ ይደረግበታል።

ይሄን የማወራው ስለሰራሁት ነው። ጀማሪ እያለሁ አንድ አባትን አልጋ ላይ እንደተኙ ለክቼ ቆርጬ ሸኘኋቸው፣ በሶስተኛው ቀን ተመለሱ፣ ስከፍተው የማጣበቂያው ጠርዝ አንጀታቸውን ዙሪያውን ቆርጦታል። "ኧረ ምንም አላመመኝም ልጄ" አሉኝ። ስቶማ ሲቆረጥ አያምም፣ ህመም የሚሰማው ነርቭ የለውም፣ ለዛ ነው በአይን ማየት ያለባችሁ።

ሲያፈስ ፕላስተር መደረብ ሌላው ነው። አንድ እናት አምስት ድርብ ለጥፈው መጡ፣ ስናነሳው ከስሩ ቆዳው ተልጦ ቀይ ስጋ ሆኗል። ባግ ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም፣ አውቃለሁ፣ ግን ቆዳው ከተላጠ ቀጣዩም ባግ አይይዝም። ካፈሰ ይነሳ፣ አለቀ።

ቫዝሊንና ሎሽን ቆዳው ላይ አይነካ። በውሃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ለጥፎ ትንሽ ደቂቃ በመዳፍ ይዞ ማሞቅ።

ሲሶው ሲሞላ ባዶ አርጉት፣ ከሞላ ክብደቱ ይጎትተዋል። እንዳይሞላ ብላችሁ ደግሞ ምግብ አትተዉ፣ እንደዚህ የሚያደርጉ ሰዎች ያናድዱኛልም ያሳዝኑኛልም።

አንጀቱ ሲወጣ ደንግጦ በጣት በጉልበት መግፋት አይሆንም። በጀርባችሁ ተኙ፣ ተረጋጉ፣ ግማሽ ሰዓት ስጡት፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል። አብጦ እምቢ ካለ እኛ ጋ የሻይ ስኳር እንነሰንስበታለን፣ ስናገር ሁሉም ይስቃል፣ ግን እብጠቱን ውሃውን ስቦ ያወጣዋል፣ 15 ወይ 20 ደቂቃ ቆይቶ ቀስ ተብሎ ይመለሳል። መጀመሪያ ባለሙያ ሲያደርገው እዩ እንጂ ሰው ነገረኝ ብላችሁ አትሞክሩ።

ይሄ ሁሉ ግን ቀለሙ ቀይ ወይ ሮዝ ሲሆን ነው። ወይነጠጅ ከሆነ ወይ ከጠቆረ፣ ወይ ሰገራው ቆሞ ሆድ እያመመ ማስታወክ ካለ፣ ስኳርም ግማሽ ሰዓትም የለም፣ ሌሊትም ቢሆን ቀጥታ ሆስፒታል። "ሲነጋ እንሄዳለን" ብለው አድረው መጥተው አንጀቱ ተቆርጦ የወጣ አይቻለሁ።

ህፃን ላይ ደግሞ ሲያለቅስ ያምጣል፣ ይወጣል፣ ስለዚህ እያለቀሰ አትታገሉት፣ ጡት ጠብቶ እንቅልፍ ሲወስደው ቀይሩለት።