ጎብኚን «እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ

ሙዚየም ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ እስቲ በሩ ላይ ያለውን የአስተያየት መዝገብ ገለጥ ገለጥ አድርጉት። «በጣም ደስ ይላል፣ በርቱ!» ከሥሩ ፊርማ። ቀጥሎም «ጥሩ ነው፣ በርቱ»። ሰዉ ይሉኝታ ይዞት እንጂ የሚናገረው አጥቶ አይደለም።

ጥያቄውን ጠበብ አድርጉት። ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን አይተው የሚወጡ አባትን «ቤት ሲገቡ ለልጆችዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» በሏቸው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለው ትዝ ካላቸው አጠገቧ የተለጠፈው መግለጫ ሠርቷል። «የጥንት ንግሥት ናት መሰለኝ» ካሉ ግን ጥፋቱ የጽሑፉ ነው። አስተካክላችሁ በተራ ወረቀት ለጥፉና ሌላ ሰው ጠይቁ፤ ማሳተሙ ይደርሳል።

ጥበቃዎችንና አስጎብኚዎችንም ደብተር ስጧቸው። «ይቺ ዋናዋ ናት ወይስ ቅጂ?»፣ «ሽንት ቤት የት ነው?» ሲባሉ የሚውሉት እነሱ ናቸው። የተደጋገመ ጥያቄ ካለ እዚያ ጋ ምልክት ጎድሏል ማለት ነው።

አንዳንዱ ጎብኚ ደግሞ ከእናንተ በላይ ያውቃል። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳው ላይ የሟቾች ፎቶ አለ፤ እንዲህ ያለ ቦታ የሚመጣ ሰው የወንድሙን ፊት ሊያገኝ ይችላል። ለእሱ ቅጽ አይሰጥም። ወንበር ስጡት፣ ውኃ አቅርቡለት፣ ማውራት ከፈለገ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ድምፁን ቅዱ። የነገራችሁን ሳታጣሩ ግን መግለጫው ላይ አትጻፉ።

ላሊበላ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም ዛሬም የሚቀደስበት ቦታ ነው። ለገና በእግሩ ተጉዞ የመጣን ምዕመንና ካሜራ ያንጠለጠለን ቱሪስት በአንድ መጠይቅ አትጠይቋቸው፤ አንዱ ስለ ውኃ፣ ስለ ማደሪያና ስለ ግፊያ ያወራል፣ ሌላው ስለ ፎቶና ስለ አስጎብኚ። ምዕመኑን በቃል ጠይቁት፣ ካህናቱንም ከመጀመሪያው አማክሩ። «መቅደሱ ይከፈትልን» የሚል ቱሪስት ከመጣም አይሆንም በሉት፣ ከነምክንያቱ።

ብዙ ቦታ ነገሩ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። የአስተያየት ሳጥኑ ይሞላል፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ አይታወቅም! ሳጥኑን በየሳምንቱ የሚከፍት አንድ ሰው መድቡ። ከዚያ ትኬት መቁረጫው ጋ ወረቀት ለጥፉ፦ «ሁለተኛው ክፍል ጨለማ ነው ብላችሁን ነበር፣ አምፖሉን ቀይረናል። ደረጃው ላይ መደገፊያ ይሠራ ላላችሁን፣ በጀት እየጠበቅን ነው።»