ሀብት ያለው ቤተሰብ ልጁን ኮሌጅ ከማስገባቱ በፊት ሒሳቡን እንዴት ይሥራ?

ድሬዳዋ ውስጥ ሱቅ፣ መጋዘን ወይም የጭነት መኪና ያለው ቤተሰብ ልጁ 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ የኮሌጅ ክፍያ አያስጨንቀውም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተውም ለዚህ ነው፤ ደረሰኙን አይቶ «ይህማ ቀላል ነው» ይልና ልጁን ያስመዘግባል። ገንዘብ ላለው ሰው ግን ትልቁ ወጪ የልጁ አራት ዓመት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ያንን ጊዜ በብር ይተምኑት። ልጅዎ ሱቅ ቢውል የሚሠራውን ሥራ በወር 15,000 ብር ለሚከፈለው ሰው ቢሰጡት፣ በአራት ዓመት 720,000 ብር ያወጣሉ። ይህን ከትምህርት ክፍያው፣ ከቤት ኪራዩና ከኪስ ገንዘቡ ጋር ይደምሩት። ውጭ አገር ለመላክ ካሰቡ ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ሳይሆን እስከ ምርቃት ያለውን ወጪ ያስሉ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ከ60 ብር በታች የነበረው የባንክ የዶላር ምንዛሪ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ ልጃቸው ትምህርቱን አጋምሶ የነበረ ቤተሰቦች የቀረውን ክፍያ በእጥፍ ገደማ ብር ለመሸፈን ተገድደዋል።

ቀጥሎ ዲግሪው ምን እንደሚያስገኝ ይጠይቁ። ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ለመሆን ያለ ዲግሪ መንገድ ስለሌለ፣ ልጁ ከልቡ ከፈለገው ብዙ መከራከር አያስፈልግም። የሚያከራክረው እንደ ማኔጅመንትና ሒሳብ አያያዝ ያለው፣ አባት ሳይማረው ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት መስክ ነው። በእኔ እምነት መልሱን የሚሰጠው የቤቱ ንግድ የጎደለው ነገር ነው። አጎቴ በጅቡቲ በኩል ጨርቅ ያስመጣ ነበር፤ የስንት ጥቅል ዋጋ በቃሉ ያሰላ የነበረ ሰው፣ የባንኩን የሌተር ኦፍ ክሬዲት (ባንኩ ለውጭው ሻጭ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት) ሰነድ ግን የጉምሩክ ጉዳዩን የሚያስፈጽምለት ትራንዚተር መጥቶ እስኪያነብለት ድረስ አጣጥፎ በደረት ኪሱ ይይዘው ነበር። አንድ ጊዜ በሻጩ የዋጋ ደረሰኝ (ኢንቮይስ) ላይ የተጻፈው የዕቃው ስም ሰነዱ ላይ ካለው ጋር ባለመመሳሰሉ ባንኩ ወረቀቱን መለሰው፤ ኮንቴነሩም ወደብ ላይ ቆሞ በየቀኑ ኪራይ ቆጠረ። እንዲህ ላለ ቤት ሒሳብና የውጭ ንግድ የተማረ ልጅ ክፍያውን ይመልሳል። ለሠርግ መጥሪያና ለሳሎን ፎቶ ብቻ የሚፈለግ ዲግሪ ግን ያንን ሁሉ ዓመት አያወጣም።

የግል ኮሌጅ ከመረጡ፣ ከመክፈልዎ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠውን ፈቃድ ይዩ፤ ፈቃዱ ለዚያው የትምህርት መስክና ለዚያው ካምፓስ የተሰጠ መሆኑንም ያረጋግጡ። አንድ ዘመዴ ይህን ሳይጠይቅ ልጁን አስመዝግቦ፣ ፈቃዱ በሌላ ከተማ ላለው ቅርንጫፍ መሆኑን ያወቀው በሦስተኛው ዓመት ነበር፤ ልጁ ያንን ጊዜ ዛሬም በቁጭት ያነሣዋል። በተጨማሪም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ስላለበት፣ ኮሌጁ ልጅዎ በሚማርበት መስክ ምን ያህል ተማሪ እንዳሳለፈ በቁጥር ይጠይቁ። ለመናገር ካመነታ ሌላ ይፈልጉ።

ልጁ ራሱ ካልቆረጠ ለአንድ ዓመት ያቆዩት። እንደ ከፊራ ወይም ታይዋን ባለ የድሬዳዋ ገበያ በደመወዝ፣ በተለይም በሌላ ሰው ሱቅ ቢሠራ የሚጎድለውን ራሱ ያየዋል። ከዚያ በኋላ የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ቢጀምር ከሥራው ሳይለይ ስለሚማር፣ ቀደም ብለው የተመኑት የአራት ዓመት ወጪ በብዙ ይቀንሳል።

ለሴት ልጅ ግን ሒሳቡን እንደገና ይሥሩ፤ ይህን ደጋግሜ ስላየሁት አጥብቄ እናገራለሁ። ሱቁ ለወንድሞች ሲከፋፈል፣ ስሟ በንግድ ፈቃዱ ላይ የሌለ እኅት የአሥር ዓመት ድካሟ በየትኛውም ሰነድ አይገኝም፤ ዲግሪዋን ግን ማንም አይካፈላትም። ሱቁን የምትመርጥ ከሆነም፣ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ድርሻዋን በጽሑፍ አድርገው ውልና ማስረጃ ዘንድ ያስመዝግቡላት።